በሁለቱ ጎሎች መካከል

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት በሳምንቱ ይረሳው ነበር። እኔ ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከሰፈሬ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ያን ቀን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ልቤ የሚመታው።

የምኖረው አሰላ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ዳዊትም አብሮን ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን ሥራ መግባት ነበረብን፤ ዳዊት ኳስ ስለሚችል ትምህርት ቤቱ ይፈልገው ነበር፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ጀምሮ ያገኘሁትን ስሠራ ቆይቼ አንድ ሆቴል ገባሁ። አንሶላና ፎጣ አጥባለሁ። ሥራው ከሰው ጋር ስለማያገናኝ ይስማማኛል።

በሰፈራችን አንድ የእግር ኳስ ቡድን አለ። ስሙን ብጽፈው የሰፈሬ ሰው ማን እንደሆንኩ ወዲያው ስለሚያውቅ ትቼዋለሁ። የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። ቡድኑን ቀድሞ አንድ ድርጅት ይደግፈው ነበር። ድርጅቱ ሲተወው የቀረን የአንድ ቡድን ሙሉ ማልያና ሁለት ኳስ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ መምህር ደሳለኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሜዳው ዳር፣ አዴ ፋጡማ ሻይ የሚሸጡበት ቦታ ላይ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩን። የእንግሊዝ ቡድን ነው አሉን። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ደግሞ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። ከአንዱ ጎል ጀርባ የሰው ጓሮ አጥር ይታያል። እኛ የእንግሊዝን ኳስ የምናውቀው በዲሽ ስለሆነ ማንም አላመነም።

«መምህር፣ ይሄ እንግሊዝ ነው ወይስ ቦቆጂ?» አለ አንዱ።

«እንግሊዝ ነው። ግን ከታች፣ ከታች፣ በጣም ከታች ያለ ሊግ ነው» አሉ።

ቪዲዮው ላይ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው ሻይ ይቀዳሉ። መምህር ደሳለኝ እሳቸውን እያሳዩ፣ «እኚህ ሴት ተቀጣሪ አይደሉም። ከክለቡ ባለቤቶች አንዷ ናቸው። ወዲያ መስመር የሚቀቡት ሽማግሌም ባለቤት ናቸው። ባለሀብቱ ጥሏቸው ሲሄድ ደጋፊዎቹ ተሰባስበው ክለቡን ራሳቸው ያዙት። ሀብታም ሆነ ድሃ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው» አሉን።

«እኔም እኮ ሻይ እሸጣለሁ!» አሉ አዴ ፋጡማ። «በሉ እኔንም ባለቤት በሉኛ!»

ሁሉም ሳቀ። ነገር ግን የእኛም ቡድን በደጋፊዎቹ እጅ የገባው ከዚያ ሳቅ ተነስቶ ነው። ደንብ ተጻፈ። ገንዘብ የሌለው በሥራ ማዋጣት ይችላል ተባለ። ሣር የሚያጭድ፣ በኖራ መስመር የሚያሰምር፣ መረብ የሚሰፋ ሁሉ አባል ሆነ። እኔ ድሮም የዳዊትን ማልያ ሳጥብ የጓደኞቹንም አብሬ አጥብ ስለነበር በዚያው አባል ሆንኩ። ምዝገባው ላይ ግን አልሄድኩም። ዳዊት መታወቂያዬን ወስዶ የአባልነት ካርዴን ይዞልኝ መጣ።

ካርዱ ላይ ሙሉ ስሜ፣ ወርቅነሽ ተክሌ ተብሎ ተጽፏል። ከስሜ በታች «የክለቡ ባለቤት» ይላል። የምለብሰው ልብስ እንኳ ግማሹ የእናቴ ነው። የእኔ የሚባል ነገር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ካርዱን ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት።

ለሁለት ዓመት እንደዚህ ቆየን። አናሸንፍም ነበር፣ ግን አልፈረስንም። ከዚያ አቶ ተፈራ ክለቡን ልውሰደው አሉ።

አቶ ተፈራ እኔ የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ናቸው። ስንዴና ገብስም ይነግዳሉ። እሳቸውም እንደኛው አባል ነበሩ። ለተጫዋቾቹ ደሞዝ እከፍላለሁ፣ አውቶብስ እገዛለሁ፣ አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ አመጣለሁ አሉ። በምላሹ ክለቡ በስማቸው እንዲሆን ጠየቁ። «በየነገሩ ስብሰባ፣ በየነገሩ ድምፅ እየተባለ ኳስ አይሠራም» አሉ። የሚቀጥለው ዓመት የውድድር ምዝገባ ሊዘጋ ስለነበር እስከዚያ እሁድ መልስ ይፈልጉ ነበር።

ክፉ ሰው አይደሉም። ማልያዎቹን በሆቴሉ ውሃና ሳሙና እንዳጥብ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን አውቃቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ዶሮ እርባታ ጀምረው ሰባት ሠራተኛ ቀጥረው ነበር። ሲሰለቻቸው በአንድ ጠዋት ዘጉት። የእኔ ጓደኛ እዚያ ነበረች። ቡድኑም እንደዚያ እንዳይሆን እፈራ ነበር። ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ካርድ ከትራሴ ሥር እንዲነሳ አልፈለግኩም።

ዳዊት ግን በጣም ፈልጎታል። «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሚጡ» አለኝ ቅዳሜ ዕለት። በሰፈሩም በሥራም የምጠራው ሚጡ ተብዬ ነው። «አሁን ደሞዝ ካላገኘሁ መቼ ነው የማገኘው? አንቺም እሳቸው ጋ ነው የምትሠሪው። ድምፅሽን የት እንደምትሰጪ መቼም አልነግርሽም።»

በሆዴ የቆረጥኩት ግን ሌላ ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ ተደብቄ እቆያለሁ ብያለሁ። ለአቶ ተፈራም ለሌላውም ድምፅ ሳልሰጥ፣ ሥራዬንም ወንድሜንም ሳላጣ ቀኑ ያልፋል።

እሁድ ከሰዓት መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አባላት ሲገቡ በአዴ ፋጡማ የሻይ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ዝርዝር ከስማቸው አጠገብ ይፈርማሉ። እኔም ግርግር ሲሆን ጠብቄ ቶሎ ፈርሜ ገባሁ። መፈረም አልነበረብኝም። ሁልጊዜ ስለምፈርም እጄ ለምዶት ነው።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ ተሸንፈን አለቀ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ይሰማል። ተጫዋቾቹ ማልያቸውን እያወለቁ ሰጡኝ። እኔም ሳፋዬን ይዤ የቆርቆሮዋ መልበሻ ክፍል ውስጥ ገባሁና በሩን ገጠምኩ። ክፍሏ ያለችው ከሜዳው መሐል መስመር ትይዩ፣ ዳር ላይ ነው። ቆርቆሮው ብዙ የምስማር ቀዳዳ ስላለው ሜዳው ሁሉ ይታያል።

ጸሐፊው መምህር ደሳለኝ ነበሩ። ባለፈው ስብሰባ እጅ አውጡ ሲባል ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ ሦስት የተለያየ ቁጥር መጥቶ ነበር። አንዳንዱ ሁለት እጁን ያወጣል፣ አንዳንዱ ሳይቆጠር እጁን ያወርዳል። ስለዚህ አዲስ ዘዴ አመጡ።

«ክለቡ ለአቶ ተፈራ ይሰጥ የምትሉ በአስፋልቱ በኩል ወዳለው ጎል ሂዱ። በአባላቱ እጅ ይቆይ የምትሉ በባሕር ዛፉ በኩል ወዳለው ጎል ሂዱ። እኩል ከሆነ፣ ደንቡ እንደሚለው ክለቡ ባለበት ይቆያል።»

ሰው እየተሳሳቀ ተነቃነቀ። ባል ወደ አንዱ፣ ሚስት ወደ ሌላው ሲሄዱ አየሁ። «ማታ እራት የት ልትበላ ነው?» ብላ ጮኸችበት። «ሆቴል!» አላት። ከአስፋልቱ ጎል ያሉት ወዲያ ማዶ ላሉት፣ «እናንተ እኮ ቆማችሁም ኦፍሳይድ ናችሁ!» እያሉ ይተርባሉ። መምህር ደሳለኝ ዝርዝሩን በብብታቸው ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ጎል ሄዱ። አቶ ተፈራ ኮታቸውን ደርበው አስፋልቱ ጎል መሐል ቆሙ። ዳዊት አጠገባቸው ካለው ቋሚ ላይ ተደግፎ ነበር። ሌሎቹም ተጫዋቾች አብዛኞቹ እዚያው ናቸው።

ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ቆጣሪ ተመርጦ ተቆጠረ። እኔ እንደፈራሁት አልነበረም፤ ማንም ስለ እኔ አላነሳም። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ቶሎ ባለቀ እያልኩ እጠብቅ ነበር።

«አስፋልት፣ አርባ ሰባት!» አለ አንደኛው ቆጣሪ።

«ባሕር ዛፍ፣ አርባ ስድስት!» አለ ሌላው።

አስፋልቱ ጎል ጋ ጩኸት ሆነ። «አለቀ! ፊሽካ ይነፋ!» ተባለ። አንዱ ተጫዋች ባዶ ደረቱን እየደበደበ ሮጠ።

መምህር ደሳለኝ ወደ ሜዳው መሐል መጥተው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አገላበጡ። «ቆዩ» አሉ። «የፈረመው ዘጠና አራት ሰው ነው። የተቆጠረው ዘጠና ሦስት ነው። አንድ ሰው ጎድሏል።»

እጄ ላይ የነበረው ማልያ ሳፋው ውስጥ ወደቀ።

እንደገና ቆጠሩ። ያው ነው። አርባ ሰባት፣ አርባ ስድስት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ተደብቄ ድምፅ አልሰጥም ያልኩት፣ እዚህ መቀመጤ ራሱ ለአቶ ተፈራ ሰጥቷል።

«ስም እጠራለሁ፤ አቤት በሉ» አሉ መምህር ደሳለኝ።

ከላይ ጀምረው መጥራት ያዙ። ከሁለቱም ጎል «አቤት! አቤት!» ይላል። ስሜ እየቀረበ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስፈርም ከገጹ ግርጌ እንደነበር ትዝ ብሎኛል።

«ወርቅነሽ ተክሌ!»

ዝም።

«ወርቅነሽ ተክሌ!»

«ማናት ደግሞ እሷ?» አለ አንዱ።

«የሮቤው የተክሌ ልጅ ናት እንዴ?»

«እሱ የወለደው ወንድ ብቻ ነው!»

ተሳሳቁ። መምህር ደሳለኝም በዚህ ስም አያውቁኝም ነበር። ስሜን የገለበጡት ከመታወቂያዬ ነው፣ እኔን ደግሞ ሚጡ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አዴ ፋጡማም፣ አቶ ተፈራም፣ ሁሉም የሚያውቁት ሚጡን ነው። ወርቅነሽ ማን እንደሆነች የሚያውቅ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በምስማሩ ቀዳዳ ዳዊትን አየሁት። ከቋሚው ላይ ቀና ብሎ ነበር። ስሜ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ወደ መልበሻው ክፍል አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋና በታኬታው ጫፍ ሣሩን መቆርቆር ጀመረ።

ልወቅሰው አልቻልኩም፣ እኔም ዝም ብዬ ነበርና።

የቀሩት ስሞች ተጠርተው አለቁ። ሁሉም አቤት ብሏል፣ ከእኔ በቀር።

«ፈርማ ሄዳለች ማለት ነው» አለ የአስፋልቱ ጎል ቆጣሪ። «ሜዳ ላይ የለችም። ትሰረዝና እንገላገል፣ ዝናቡ መጣ።»

መምህር ደሳለኝ የቆሙት በባሕር ዛፉ በኩል ነው፤ ስሜ ከተሰረዘ ወገናቸው በአንድ ድምፅ ይሸነፋል። ነገር ግን፣ «ደንቡ እንደዚያ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጊዜ ደግሜ እጠራለሁ። ከዚያ እሰርዛታለሁ።»

ቢሰርዙኝ ከዚህ የተሻለ ምን እፈልጋለሁ? ዳዊት ደሞዝ ያገኛል። ሰኞ እንደ ልማዴ አንሶላዬን አጥባለሁ። ማንም ምንም አያውቅም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሆኖም «እሰርዛታለሁ» የሚለው ቃል አልለቀቀኝም።

ትምህርት ያቆምኩ ሰሞን አንድ ቀን በክፍላችን መስኮት ሥር ሳልፍ ስም ጥሪ ላይ ደረስኩ። ቆሜ ሰማሁ። ከእኔ በፊት ያለችው ተጠራች፣ ከእኔ በኋላ ያለው ተጠራ። በመሐል ትንፋሽ እንኳ አልነበረም። እኔ የነበርኩበት ቦታ ተደፍኖ ነበር። ያን ቀን እስከ ቤት አለቀስኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

«ወርቅነሽ ተክሌ!» አሉ መምህር ደሳለኝ ለመጨረሻ ጊዜ። እስክሪብቷቸውን ሲያወጡ አየሁ።

በሩን ገፋሁት። ቆርቆሮው ሲንቋቋ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

«ሚጡ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሳሙና አለቀ?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ወርቅነሽ እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም የሰማ አልመሰለኝም። መምህር ደሳለኝ ግን ሰምተዋል። እስክሪብቷቸውን እንደያዙ አፍጥጠው አዩኝ። «አንቺ?» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሚጡ ናት! ወርቅነሽ ማለት ሚጡ ናት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሜዳው ተናወጠ።

አቶ ተፈራ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ ልጄ፣ ወደዚህ ነይ። ማን ደበቀብን አንቺን?» አሉ። ፊታቸው ይስቅ ነበር። በእርግጠኝነት የእሳቸው ነኝ ብለው አስበዋል። ከጀርባቸው አንድ ድምፅ፣ «እንጀራሽ የት እንዳለ አትርሺ!» አለ። እሳቸው ዞረው፣ «ዝም በል አንተ!» አሉት።

ከወዲያኛው ጎል አዴ ፋጡማ ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ሂን ሶዳቲን!» ይሉኛል። ነይ ልጄ፣ አትፍሪ ነው የሚሉት። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። እግሬ ከኖራው መስመር ላይ ተተክሏል። ሁሉም ይጮሃል፣ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አልለይም።

ዳዊት አልጮኸም። «ሚጡ» አለኝ አንዴ፣ ቤት ውስጥ እንደሚጠራኝ አድርጎ። ነይም አላለኝም፣ አትምጪም አላለኝም።

ወደ ባሕር ዛፉ ዞርኩና መራመድ ጀመርኩ። ከሜዳው መሐል እስከ ጎሉ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከኋላዬ ጩኸቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከጩኸቱ ባሰብኝ። ጀርባዬን እያዩኝ እንደሆነ፣ አቶ ተፈራ እያዩኝ እንደሆነ፣ ዳዊት እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ነጠላ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ባነሳው የምወድቅ ስለመሰለኝ ትቼው በአንድ እግሬ ጫማ ሄድኩ። አዴ ፋጡማ መንገድ ላይ መጥተው በሁለት እጃቸው አቀፉኝ፣ ወደ ጎሉም ይዘውኝ ገቡ።

«አርባ ሰባት ለአርባ ሰባት» አሉ መምህር ደሳለኝ። «እኩል ነው። ክለቡ ባለበት ይቆያል።»

ከአስፋልቱ ጎል አንዱ፣ «መለያ ምት ይመታ!» ብሎ ጮኸ፣ በሁለቱም በኩል ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳያልቅ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን፣ ሁሉም ሮጠ። እኔ አልሳቅኩም። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሆቴል የገባሁት ዕቃዬን ለመውሰድ ብዬ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ተፈራ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጡ። እዚያ ገብተው አያውቁም።

«ወርቅነሽ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠሪልኝ ስምሽን አላውቀውም ነበር።»

«አዎ ጋሼ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ሥራሽ ሥራሽ ነው፣ እሱን አልነካም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የክለቡን ማልያ በእኔ ውሃና በእኔ ሳሙና አታጥቢም። ባለቤቶቹ ይጠቡት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሲወጡ ዕቃዬን ወደ ቦታው መለስኩ።

አሁን ማልያው በየሳምንቱ በየአባሉ ቤት በተራ ይታጠባል። አቶ ተፈራ አባልነታቸውን አልተዉም። እሁድ እሁድ መጥተው ዳኛ ይሰድባሉ። ሣር የማጨድ ተራቸው ሲደርስ ሠራተኛ ይልካሉ ብለን ነበር፣ ራሳቸው መጥተው ኮታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው አጨዱ። እያጨዱም፣ «የማይረባ ክለብ!» ይሉ ነበር።

ከዳዊት ጋር ግን እንደዚህ ቀላል አልነበረም። ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ቦርሳውን አዘጋጅቶ አገኘሁት። አዳማ የሚሞክረው ቡድን አግኝቷል።

«ስምሽ ሲጠራ ሰምቻለሁ» አለኝ፣ የቦርሳውን ዚፕ እየዘጋ።

«አውቃለሁ። አይቼሃለሁ።»

«ከወጣሽ የት እንደምትሄጂ አውቅ ነበር። ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ቦርሳውን አንስቶ፣ «ደሞዙንም ፈልጌ ነው። ሁለቱም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ግን እኔም አላውቀውም» አለ።

ጉንጬን ስሞኝ ወጣ። አዳማ ውስጥ ይጫወታል፣ አንዳንዴ ተሰልፎ፣ አንዳንዴ ተቀያሪ ሆኖ። ደሞዙ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር አይመጣም። ያን ቀን ወደ አስፋልቱ ጎል ብሄድ ኖሮ ዛሬ እዚሁ ከእናታችን ጋር ይሆን ነበር ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። ትክክል አድርጌያለሁ ብዬ አልምልም። እንደገና ቢጠሩኝ ግን እንደገና እወጣለሁ፤ የምቆጨው እስከ ሦስተኛው ጥሪ በመቆየቴ ነው።

ባለፈው ወር ስብሰባ ነበር። መምህር ደሳለኝ ስም ሲጠሩ የወንድሜ ስም ላይ ደረሱ። ማንም አቤት አላለም።

«ይሄኛው ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» አለ አንድ ሰው። «እዚህ ካልኖረ ምን ያደርጋል? ይሰረዝ።»

መምህር ደሳለኝ እስክሪብቷቸውን አነሱ። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል ነበርኩ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ልቤ እንደዚያን ቀን ይመታል።

«አይሰረዝ» አልኩ። የፊተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። «መዋጮውን በእሱ ፈንታ እኔ እሠራለታለሁ። ይመጣል።»

አልሰረዙትም።